የጎማ ማንገቻ

ደባርቅ፣ ኅዳር 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

አዎ ስቄያለሁ! እሺ? «ከሁሉ ቀድሞ ጆሮዬ የገባው ያንቺ ሳቅ ነው» ብለህ ጽፈሃል፤ አልዋሸህም። ግን «ሆን ብለሽ ነው ያዋረድሽኝ» የምትላትን መልሰህ ዋጣት። ሆን ብዬ ላዋርድህ ብፈልግ ጣቴ እስኪላጥ ስጎነጉን ባልዋልኩ። የለኝም ብዬ እመልስህ ነበር፣ ባዶ እጅህን ትዋረድ ነበር።

ሰላምታውን ዘለልኩት። እንዴት ሰነበትክ ወንድሜ? ብርዱ እንዴት ይዞሃል? ሸሽተህ የገባህባቸው የአምቢኮ ሰዎችስ ደህና ተቀበሉህ? ይኸው ብያለሁ። አሁን ወደ ጠባችን እንመለስ።

በኅዳር ጽዮን ዋዜማ የተበጠሰ የከበሮ ማንገቻ ይዞ ዳባት ቤታችን የመጣብኝ ማነው? አንተ። «ሠርኬ፣ ጠፍሩ ደርቆ ተበጠሰ፤ አዲስ ቆዳ እስኪለፋ ንግሡ ያልፋል፤ ለነገ ብቻ አንገቴ ላይ የሚይዝልኝ ነገር ፈልጊልኝ» ያለኝስ? አንተ። እኔ ደግሞ ምን አለኝ? ከጋሽ ምስክር ሳይክል ቤት የማመጣው አሮጌ ከመነዳሪ ነዋ። ጎማው ውስጥ የሚነፋው፤ ተለጥፎ ተለጥፎ መለጠፊያ ቦታ ሲያጣ የሚጣለው። ትምህርቴን ጥዬ ደባርቅ ከገባሁ ጀምሮ በምኑ የምኖር መሰለህ? የበቅሎ ጭነት ማሰሪያ እሱ ነው። የአባባ ቀበቶ እሱ ነው። የሽንት ቤቱ በር ማጠፊያ፣ የበርጩማው መቀመጫ፣ የጄሪካኑ ክዳን እንዳያፈስ ከሥሩ የገባው፣ ሁሉም እሱ ነው። አንተው ራስህ «ይሄ ነገር የማይሆነው የለም» ስትለኝ አልነበር? እኔም አመንኩህ። ሦስት ረድፍ ቆርጬ ጎነጎንኩት፣ ነጭ ጨርቅ አለበስኩት፤ ስታየው «ሙሽራ መሰለ» አልክ። ደግሞ ሳልፈትሸው አልሰጠሁህም! የጤፍ ጆንያ ከወራጁ ላይ አንጠልጥዬበት አደረ። አልተበጠሰም። ዛሬም አልተበጠሰም!

ግን ጤፍ አይዘልም።

እሱን ማሰብ ነበረብኝ። ወረቡ ሲሞቅ ምድር እንደማይችልህ ከልጅነቴ ሳይ ኖሬ የለም? ቆዳ አይሳብም፣ ጎማ ይሳባል፤ ይቺን ማወቅ ትምህርት ቤት አይጠይቅም። አንተ ስትነሣ ከበሮው ወደ ጉልበትህ ወረደ። አንተ ስትወርድ እሱ ተነሣ፤ ተነሥቶም የቄስ ሰይፈ ሥላሴን ጥምጥም ገጭቶ ይዞት ሄደ። ከዚያ ሁሉ ካህን መሐል የሳቸውን! የአመተ ማርያምን አባት! በጥር አማትህ የሚሆኑትን ሰው!

ያኔ ነው ያመለጠኝ። በነጠላዬ አፍኜው ነበር፣ አልያዘም። ከዚያ ወዲያ የሳቀው ሕዝብ ሁሉ ከኔ ተቀብሎ የሳቀ ነው የሚመስለኝ። ከበሮውን አስቀምጠህ ስትወጣ ጀርባህን አይቼዋለሁ። ፊትህን ባየው ይሻለኝ ነበር።

መጨረሻ ላይ ስለ አመተ ማርያም የጠየቅከኝን አሁን አልመልስልህም። አባባ ደህና ናቸው።

ሠርካለም


ደባርቅ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2018

አይ፣ አልረሱትም። «እስካሁን ሌላ ወሬ አግኝተው ይሆናል» ትላለህ። ዳባትን አታውቃትም እንዴ?

ያለፈው ደብዳቤዬ ላይ ስለጮኽኩ ይቅርታ። ባርናባስ «ሲያነበው ፊቱ ጠቆረ» አለኝ። የአምቢኮው ጭነኛ፣ ደብዳቤ ማመላለሱ ብቻ አይበቃውም? ፊት ደግሞ ያነባል። ለማንኛውም እንዴት ከረምክ? እኔ ደህና ነኝ፣ ማለት፣ እንጀራ እበላለሁ።

ቪዲዮው አለ። ማን እንደቀረጸው አላወቅኩም፤ ባውቅ ይሄኔ የምጽፍልህ ከእስር ቤት ነበር። እሑድ አባባን ልጠይቅ ዳባት ስወርድ የሚኒባሱ ረዳት ስልኩን ለተሳፋሪው ያዞራል። «ይቺን እዩማ፣ ኳስ ነው ከበሮ?» ይላል። ሰዉ ይንከተከታል። አንዲት መነኩሲት እንኳ በጋቢያቸው ውስጥ ትከሻቸው ሲነቀነቅ አየሁ። ዝም ልል ወስኜ ነበር፤ ማርያምን። ከዚያ ረዳቱ «ማንገቻውን የሠራችው እኅቱ ናት አሉ፣ ጎማ ለቃሚ ናት» ሲል ስልኩን ከእጁ መንትፌ በመስኮት ልወረውረው ስል ያዙኝ። መንገድ ላይ አወረዱኝ። የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። በእግሬ መሄዱስ ደግ ሆነልኝ፤ የሚያየኝ ሰው አልነበረም።

ቤት ስደርስ አባባ ደጅ ተቀምጠዋል። ሰላም አሉኝ፣ ስለ ደባርቅ ገበያ ጠየቁኝ፤ ስለ አንተ ምንም። ሲነሡ ሱሪያቸው በሲባጎ መታሰሩን አየሁ። ከመነዳሪ ቀበቶዋ ግድግዳው ላይ ተሰቅላለች። «አባባ፣ ቀበቶውን ምነው?» አልኩ። «አይ፣ ትንሽ አጠበቀኝ» አሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልጠበቃቸው! ከስተው ሱሪው ራሱ ይሰፋቸዋል እኮ። ከዚያን ቀን ወዲህ መቀስ አልነካሁም። ጋሽ ምስክር «ጭነኞች ማሰሪያ እየጠየቁሽ ነው» ሲለኝ የለሁም በል እላለሁ፤ እዚያው ቆሜ።

ደግሞ የደብሩ ሽማግሌዎች የሚሉትን ልንገርህ፣ ከሌላ ሰው ከምትሰማው። ማንገቻው ጌታ የተጎተተበት ገመድ ምሳሌ ነው፤ «የመሪጌታ ሕሩይ ልጆች ግን በሳይክል ጎማ ጎተቱት» ይላሉ።  

ስለ አመተ ማርያም አሁን አልመልስም ብዬህ ደግመህ ጠየቅከኝ። እሺ፣ ልንገርህ፤ በኋላ ደበቅሽኝ እንዳትል። አባቷ «የጥር ሠርግ ይቆየን» ብለው ወደ አባባ ልከዋል። ይቆየን ነው ያሉት፣ ይቅር አላሉም። ይሄ ማለት ግን ቅስናህም ይቆያል ማለት ነው፤ ሳታገባ ማን ቅስና ይሰጥሃል? በኔ ጎማ!

ና። ዝም ብለህ ና።

ሠርካለም


አምቢኮ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2018

ለእኅቴ ለሠርካለም፤ የእናታችን የጽዮን ማርያም ጥበቃ ካንቺ ጋራ ይሁን።

«ምን እየሠራህ ነው» ላልሽው፣ ልጆች ፊደል አስቆጥራለሁ፣ በቅዳሴም እራዳለሁ። ከበሮ አልነካሁም፤ ጸናጽል ይዤ ከኋላ እቆማለሁ። እዚህ ያን ነገር ያየ የለም። ስልክ የሚሠራው ጉብታው ላይ ሲወጡ ብቻ ነው። ሰዎቹ «ከዳባት የመጣው ዲያቆን» ይሉኛል፤ ሌላ ስም አልሰጡኝም። ይህ ለእኔ ትልቅ ዕረፍት ነው። ስለዚህ «ና» አትበይኝ።

አንድ የምለምንሽ ነገር አለ። ከምንጩ ውኃ የሚያመጣው ጥቁሩ ቱቦ ውርጭ ሰነጣጥቆት፣ ከብትም ረግጦት፣ ግማሹ ውኃ መንገድ ላይ ይቀራል። ሴቶቹ ገደሉን ወርደው ከወንዝ ይቀዳሉ። በጨርቅ አሰርነው፣ በላስቲክ አሰርነው፣ እንቢ አለ። አሮጌ ከመነዳሪ ካለሽ ላኪልኝ፣ አሠራሩንም ጻፊልኝ። የጠየቅኩት እኔ መሆኔን ለማንም አታውሪ።

ቄስ ሰይፈ ሥላሴ እውነት አላቸው። አመተ ማርያምን ካገኘሻት «የተሻለ ይስጥሽ ብሏል» በያት።

ወንድምሽ ድረስ


ደባርቅ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2018

አልልም! የማንም መልእክተኛ አይደለሁም። «የተሻለ ይስጥሽ» ማለት ከፈለግክ አፍህን ይዘህ ና። እንዲህ ያለ ቃል በሰው አፍ ይላካል እንዴ? እንኳን ለእጮኛ ለበቅሎም አይላክ።

ቆይ። ተንፍሼ ልጀምር። ጾሙ እንዴት ነው? ጉንፋኑ ለቀቀህ? ባርናባስ «ያስላል» አለኝ። በጥቅሉ ውስጥ የአባባን ሹራብ አድርጌልሃለሁ።

ከመነዳሪውን ላኩልህ። ነዳጅ ከጠፋ ወዲህ ደባርቅ ሁሉ ሳይክል ላይ ወጥቷል፤ አሮጌ ከመነዳሪ እንደ ልብ ነው። በሁለት ጣት ስፋት ቆርጬ ጠቅልዬዋለሁ። አሁን በደንብ አንብብ፤ እንደ ዳዊት በቃል እንዳትወጣው፣ እያየህ ሥራ። መጀመሪያ ውኃውን ዝጉትና ቱቦውን ጥረጉት፣ ይድረቅ። ስንጥቁ ላይ አትጀምር፤ አንድ ጋት ያህል አልፈህ ከደህናው ጀምር። ስትጠመጥም ሳበው። እስኪሳሳ ሳበው! ሳትስብ ከጠመጠምከው ጨርቅ ነው፣ ዋጋ የለውም። እያንዳንዱ ዙር የፊተኛውን ግማሽ ይሸፍን። ደህናው ላይ ስትደርስ ጫፉን ከመጨረሻው ዙር ሥር አሾልከህ ጎትተው፤ ራሱን በራሱ አንቆ ይይዛል። ሙጫ አያስፈልግም፣ ሽቦ አያስፈልግም።

የመጀመሪያውን የቆረጥኩት ጋሽ ምስክር እንዳያየኝ ዞሬ ነው። ያ መሳቡ እኮ ነው ያዋረደን። ለቱቦ ግን ሥራው መሳቡ ነው። ይሄን ስጽፍልህ ራሱ አፍራለሁ፤ ከበሮና ቱቦ መለየት አቅቶኝ ሰው አገር ለቀቀ።

ለማንም አታውሪ ያልከኝን ለአባባ አወራሁ። ይቅርታ፣ አልቻልኩም። ደብዳቤህን አነበብኩላቸው። «ራሱ ጠየቀ?» አሉ። «ራሱ» አልኩ። «የቱጋ ነው ያልሽው ራሱ የጠየቀው፣ ደግመሽ አንብቢልኝ» አሉኝ።

የተሻለ ይስጥሽ የምትለዋን ግን ዘልያታለሁ። እሷን አልሰሙም።

ሠርካለም


ደባርቅ፣ ጥር 4 ቀን 2018

አልነገርኳትም አልኩህ እኮ! ይልቅ የነገረችኝን ስማ፤ ግን መጀመሪያ ቱቦው መያዙ ደስ አለኝ። «ሴቶቹ መረቁሽ» ያልከውን ሁለቴ አነበብኩት። እኔን መርቆ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ እንዴት እንደሚቀበሉት አላውቅም። አሜን በልልኝ።

የገና ማግስት ድንጋይ ተሸክሜ ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ደጅ ሄድኩ። አዎ፣ እንደ ወንዶቹ። ሴት ልጅ ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ስትለምን አይቼ አላውቅም፤ ግን በደሉ የኔ ነው፣ አንገቱም የኔ ነው። ነጠላዬን አደግድጌ፣ ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ አድርጌ፣ በራቸው ሥር ተንበረከክኩ። እስከዚህ ድረስ ቆንጆ ነበር። ብታየኝ ትኮራብኝ ነበር።

ከዚያ አንዱ የሰፈር ጎረምሳ መጣ። «እሰይ፣ ጎማዋ መጣች! ድንጋዩም ይነጥራል?» አለ። አልመለስኩለትም። ዞረና «ወንድምሽስ የት ነጥሮ ወደቀ?» አለኝ።

ድረስ፣ በኔ ይቅር፣ በአንተ እንዴት ልቻለው? ድንጋዩን መሬት ላይ ጥዬ ኮሌታውን አነቅኩት። በሩ የተከፈተው ያኔ ነው። ቄስ ሰይፈ ሥላሴ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ማን ናት?»

«ሠርካለም ነኝ፣ አባቴ። የመሪጌታ ሕሩይ ልጅ። አንቱን ይቅርታ ልለምን መጥቼ ነው።»

«ድንጋዩስ?»

«ወደቀ።»

«የሰውየው አንገትስ?»

«እሱን፣ እሱን አሁን ልለቀው ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አመሰግናት ነበር። ጎረምሳው ሮጠ። እኔ እንደገና ድንጋዩን ላነሣ ስጎነበስ «ተዪው፣ በቃሽ» ብለው አስገቡኝ። ውኃ ሰጡኝ። እኔም ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ጎማው የኔ ነው፣ ጤፉ የኔ ነው፣ ሳቁ የኔ ነው፣ ድረስ ምንም አላደረገም አልኳቸው።

ምን አሉኝ መሰለህ? «ልጄ፣ ጥምጥሜን ነፋስም ያወርደዋል። እኔ ለጥምጥም አልተቀየምኩም። ሰው ሳቀብኝ ብሎ አገልግሎቱን ጥሎ የሄደ ዲያቆን፣ ነገ መቅደስ ውስጥ ቢስቁበት ጽዋውን ትቶ ሊወጣ ነው? ልጄንስ አንድ ቀን ጎረቤት ቢስቅባት ትቷት ሊወጣ ነው?»

«የሠራሁት እኔ ነኝ እኮ፣ እሱ አይደለም» አልኩ።

«አንቺማ መጣሽ» አሉኝ። «ድንጋይ ጥለሽም፣ ሰው አንቀሽም ቢሆን መጣሽ።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በዚያች ሰዓት ካንተ የተሻልኩ ሆንኩ፤ እንደዚያ ያለ ኀፍረት አይቼ አላውቅም። ትምህርት ያልሆነልኝ፣ የማመጣውን ጠብ አንተ ስታበርድልኝ የኖርኩት እኔ!

ስወጣ አመተ ማርያም አጥሩ ጋ ጠበቀችኝ። ገርጥታለች፣ ከስታለች። «እኔም ስቄያለሁ፣ ንገሪው» አለችኝ። «አባቴ በባዶ ራስ ቆመው ሳያቸው አልቻልኩም። ቤት ውስጥም ብዙ የምስቅ ሰው ነኝ። ከኔ ሳቅ የሚሸሽ ከሆነ ዛሬውኑ ልወቀው።» ሌላ ቃል አልላከችልህም። «አፍ አለው» ብላ ገባች።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ግን እርግጡን ሳላውቅ አልጽፈውም።

ሠርካለም


ዳባት፣ ጥር 11 ቀን 2018

ለፋሲካ?! «ለፋሲካ መጥቼ እንነጋገራለን» ብሎ መልስ አለ? ፋሲካ ድረስ ማን ቁጭ ብሎ ይጠብቅህ!

እንኳን አደረሰህ። ታቦታቱ ገና ከባሕረ ጥምቀቱ መመለሳቸው ነው፣ እልልታው እስከዚህ ይሰማል፣ እኔ ግን ጭኔ ላይ ወረቀት ዘርግቼ እጽፍልሃለሁ። ባርናባስ ነገ ጎሕ ሲቀድ በጭነት መኪና ይወጣል፤ መኪናው እስከቻለበት ይሄዳል፣ ከዚያ በእግሩ። ከሰዓት በኋላ እጅህ ይገባል።

ባለፈው እርግጡን ሳላውቅ ያልኩህ ይሄ ነው። ለአመተ ማርያም ከጎንደር ሽማግሌ ሊላክ ነው ሲባል ሰምቼ ነበር። እውነት ሆነ። አንድ ዲያቆን ነው፣ ያስተምራል አሉ፣ ደህና ሰው ነው አሉ፤ ደህና ሰው መሆኑ ነው የሚያናድደኝ። ሽማግሌዎቹ ነገ፣ በቃና ዘገሊላ፣ ማታ ራት ላይ ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ቤት ይቀመጣሉ። ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ዛሬ ጧት አባባን ወደ ጥግ ስበው «ሰው ደጄ አስቀምጬ ያለ መልስ አልሰድም። ልጅህ ነገ ጀንበር ሳትገባ ድምፁን ካሰማኝ ቃላችን ቃል ነው፣ ልጅቷ የታጨች ናት እላቸዋለሁ። ካላሰማኝ ግን፣ መሪጌታ፣ አትቀየመኝ» አሏቸው። አጠገባቸው ቆሜ ነው የሰማሁት። ቀጥል ብለህ እኔን አትጠይቀኝ፣ ሌላ አላሉም።

አባባ ምን እንዳደረጉ ልንገርህ። ትናንት በከተራ ከበሮ የሚይዝ ሰው አነሰ። ያንተ ቦታ ባዶ ነበር። መሪጌታ ሕሩይ፣ በዚያ ጉልበታቸው፣ ራሳቸው አነገቱ። ሰዉ ሁሉ ዝም ብሎ ያያቸዋል። አንድም ሰው አልቀለደም፤ ያ ዝምታ ነው የገደለኝ። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ሁለቴ ተደናቀፉ። ልረዳቸው አልችልም፣ ሴት ነኝ፣ ከኋላ ነኝ። መሬት መሬቱን እያየሁ ተከተልኳቸው። ቤት ስንገባ እግራቸውን ሳጥብ «ድረስ ቢኖር» አሉ፤ አልጨረሱትም።

ስለዚህ እንዲህ ታደርጋለህ። ይሄን አንብበህ ስትጨርስ አትቀመጥ። «ልጸልይበት» አትበል፤ ስትወጣ ጸልይ። ወደ ጉብታው ውጣ፣ ስልክህን ክፈት። ለኔ አትደውል፣ ለአባባም አትደውል፤ ለሳቸው ደውል። ምን እንደምትል ከጠፋህ «ድረስ ነኝ» በል፣ የቀረው ይመጣል። ካልመጣም «ድረስ ነኝ፣ ነገ እነሣለሁ» በል፣ እሱ ይበቃል። አመተ ማርያም ስልኩን አባቷ አጠገብ አስቀምጣ ቻርጅ ላይ ሰክታዋለች፤ ይሄን አንተ እንድታውቀው አልፈለገችም፣ እኔ ነኝ የነገርኩህ።

ባርናባስን ጉብታው ላይ አድርሶህ ስልኩ ሲጠራ በጆሮው ሳይሰማ ውኃ እንኳ እንዳይቀምስ በታቦቱ አስምዬዋለሁ። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሲሄድ የዋለ ነው፣ እዘንለት።

እኔ ከዛሬ ወዲያ አልጽፍልህም። ደክሞኛል ድረስ። በአንተ ቦታ ሆኜ መናገር አልችልም፤ ብችልማ ድሮ ተናግሬልህ ነበር። ፀሐይዋ እዚያ ካለው ተራራ ጀርባ ቶሎ እንደምትገባ አውቃለሁ፣ ስለዚህ አትቁም። ሂድ፣ ውጣ፣ ደውል። ሳይመሽ ደውል። ሰማኸኝ? ሳይመሽ!

እኅትህ ሠርካለም